ባቡር ያልደረሰበት አገር፣ ሣር የለበሰ ጎዳና

ለመስቀል አገር ቤት ገብቼ ነበር። የጉራጌ ልጅ በመስቀል የት እንደሚገኝ መቼም አይጠየቅም፤ መርካቶም ያን ሰሞን ጭር ትላለች። ክትፎው ተበልቶ፣ ቡናው ቀርቦ፣ ቤተ ዘመዱ ከበብ ብሎ በተቀመጠበት ሰዓት አሜሪካ የምትኖር የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም አንድ ቪዲዮ ላከችልኝ። ሃድሰን በሚባል ወንዝ ላይ የተዘረጋ አሮጌ የባቡር ድልድይ ነው። ባቡር ግን የለበትም። አዛውንቶች ከዘራቸውን ይዘው፣ እናቶች የሕፃን ጋሪ እየገፉ፣ ወጣቶች ብስክሌት እየነዱ፣ ከወንዙ በላይ እንዲያ ከፍ ብለው ይንሸራሸሩበታል። ከቪዲዮው ሥር "እኛ አገርስ እንዲህ ያለ ነገር የለም?" ብላ ጽፋለች።

ስልኩን ለአጎቴ አሳየኋቸው። ጋሼ ሰማንያን የተሻገሩ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ገብተው ኑሮን የጀመሩት ለገሃር ጣቢያ ደጃፍ ዕቃ በመሸከም ነበር፤ ስለዚህ ባቡር ሲነሳ ጆሯቸው ይቆማል። መነጽራቸውን አስተካክለው ደጋግመው አዩት።

"ባቡሩ የት ሄዶ ነው ሰው የሚንሸራሸርበት?" አሉኝ።

"ባቡሩማ ከቀረ ቆይቷል ጋሼ። ድልድዩን አድሰው ለእግረኛ አደረጉት።"

"ለመንሸራሸር ብቻ?"

"ለመንሸራሸር ብቻ። ወንዙን፣ ተራራውን እያዩ።"

ጥቂት ዝም አሉና በበሩ በኩል ወደ ውጭ አመለከቱኝ። ከደጃችን ጀምሮ እስከ ማዶ ድረስ ሣር የለበሰው ጀፎሮ ተዘርግቷል። ልጆች ይሯሯጡበታል፣ ጥጆች ይግጡበታል፣ የደመራው አመድ ገና አልጠፋም። "ታዲያ እኛ እዚህ ላይ ምን ስናደርግ ኖረናል?" አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። ይህ ጽሑፍ የዚያ ጥያቄ ውጤት ነው።

በመጀመሪያ የአክስቴ ልጅ የላከችውን ድልድይ ነገር ላንሳ። ድልድዩ ለባቡር የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1889 ነው። በ1974 እሳት ተነስቶበት ከአገልግሎት ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ሠላሳ አምስት ዓመት ዝገት ሲበላው ኖረ። የሚያፈርሰው ቢፈለግ ወጪው ከበደ፣ የሚጠግነው ቢፈለግ ባለቤት ጠፋ። በመጨረሻ ነገሩን የያዙት የአካባቢው ነዋሪዎች ናቸው። ማኅበር አቋቋሙ፣ ድልድዩን በስማቸው አዞሩ፣ ገንዘብ አሰባሰቡ፣ መንግሥትንም ጎትተው አስገቡ። በጥቅምት 2009 (እ.ኤ.አ.) ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው ድልድይ የእግረኛ ጎዳና ሆኖ ተከፈተ። ከውኃው በላይ ወደ 65 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። በዚያው ዓመት ኒው ዮርክ ከተማ ውስጥም "ሃይ ላይን" የሚባለው ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራ አሮጌ የዕቃ ባቡር መስመር አበባና ዛፍ ተተክሎበት ለእግረኛ ክፍት ሆኗል።

የአክስቴ ልጅ ጥያቄ "እኛ አገርስ?" ነው። የባቡር ድልድይ ከሆነ እኛም አለን። እንዲያውም በአፍሪካ ቀደምት ከሚባሉት የባቡር ታሪኮች አንዱ የእኛ ነው። አፄ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ሥራው ከጅቡቲ በኩል በ1890 ዓ.ም. ተጀመረ፤ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ዳገቱ ለባቡሩ ስለከበደ መስመሩ ሐረርን ትቶ በቆላው አለፈ፤ በዚህ ምክንያት ድሬዳዋ የምትባል ከተማ ከባዶ ሜዳ ተነስታ ቆመች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ከጅቡቲ እስከ መዲናዋ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። አጎቴ ደጃፉ ላይ የተሸከሙበት የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ ደግሞ በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ።

ያ ባቡር ለዘጠና ዓመት ያህል አገር አገናኘ። ከጊዜ በኋላ ግን ሐዲዱ አረጀ፣ ጥገናው ተጓደለ፣ የጭነት መኪና ገበያውን ወሰደበት። በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል ያለው አገልግሎት ቆመ። በምትኩ በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ መስመር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ ጀመረ። አዲሱ ባቡር የራሱ ሐዲድ፣ የራሱ ድልድዮች፣ የራሱ ጣቢያዎች አሉት። ለገሃርን አያውቃትም።

እና አሮጌዎቹስ? ድሬዳዋ ላይ ያለው የድሮ ጣቢያና ወርክሾፕ እንግዳ የሚጎበኘው ቦታ ሆኗል። በመንገድ ላይ ያሉት ትናንሽ ጣቢያዎችና ድልድዮች ግን ብዙ አስታዋሽ የላቸውም። የአዋሽን ገደል የሚሻገረው መስመር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። አዋሽ ሰባት ኪሎን በባቡር ያለፈ ሰው ያን ገደል አይረሳውም። ሜዳው ድንገት ይሰነጠቅና ወንዙ ከታች፣ ርቆ፣ በጥቁር ድንጋይ መካከል ይታያል። የሃድሰኑን ድልድይ ያየሁ ጊዜ መጀመሪያ በዓይኔ የመጣው ይሄው ገደል ነው። አጥር ተበጅቶለት፣ ወለሉ ተነጥፎለት ሰው ቢራመድበት የአገር ጌጥ አይሆንም ትላላችሁ?

ይሁንና አዋሽ ላይ የሚሠራ ማንኛውም መታሰቢያ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። በጥር 1977 ዓ.ም. እዚያው አዋሽ አቅራቢያ የመንገደኞች ባቡር በድልድይ ጥምዝ ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገብቷል። ቢያንስ 428 ሰው ሞተ፤ በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች የከፋው ተብሎ ይመዘገባል። ዘመኑ የድርቅና የጦርነት ስለነበረ ሐዘኑ በሌላ ሐዘን ተሸፈነ። እንዲህ ያለ ቦታ ሲታደስ ለፎቶ ማማሪያ ብቻ ሊሆን አይገባም። የሟቾቹን ቁጥር የሚናገር አንድ ድንጋይ ሊቆምበት ይገባል። ቅርስ ማለት እኮ ያማረው ብቻ አይደለም፤ ያመመንም ጭምር ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለው የባቡር ነገር ነው። ወልቂጤና ቡታጅራ ግን የባቡር ፉጨት ሰምተው አያውቁም። ከአዲስ አበባ 158 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በጅማ መንገድ ላይ ያለችው ወልቂጤም፣ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ከዘቢዳር ተራራ ግርጌ የተቀመጠችው ቡታጅራም ያደጉት በመኪና መንገድ ነው። ድሬዳዋን ባቡር ወለዳት ካልን ቡታጅራን ያሳደጋት አስፋልቱ ነው። ያ መንገድ ደግሞ ታሪክ አለው። ታሪኩም ከሃድሰኑ ነዋሪዎች ታሪክ አይተናነስም፤ በዕድሜ ደግሞ ይቀድመዋል።

በ1950ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በሊስትሮነት፣ በሽክምና፣ በችርቻሮና በንግድ ይኖሩ የነበሩ የጉራጌ ተወላጆች አገር ቤት ለመግባት የሚሄዱበት ደህና መንገድ አልነበራቸውም። ክረምት ሲገባ ጭቃና ወንዝ መንገደኛውን ያስቀረዋል፤ የታመመ ሰው በቃሬዛ ነበር የሚወጣው። መንግሥት እስኪደርስላቸው አልጠበቁም። በየሰፈራቸው፣ በየዕድራቸው ተሰብስበው መዋጮ ጀመሩ። የዓለም ገና–ቡታጅራ–ሶዶ መንገድና ወደ ጉራጌ ወረዳዎች የሚገቡ ሌሎች መንገዶች ታሪክ ሲነሳ የዚያ መዋጮ ነገር ሳይነሳ አይቀርም። ሊስትሮው ከሳንቲሙ፣ ነጋዴው ከትርፉ፣ ገበሬው ከጉልበቱ ሰጠ። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" የሚባለው ይህ ነው። ከዚያ በኋላ በሌሎች አካባቢዎች ለተነሱ የልማት ማኅበራትም አርአያ ሆነ። አጎቴ እስከ ዛሬ የመዋጮ ደረሰኛቸውን በሳጥን ውስጥ አስቀምጠዋል። ከመሬት ካርታቸው ጋር!

እንግዲህ መዋጮ አዋጥቶ ዘመናዊ መንገድ የሠራው ሕዝብ ከዚያ በፊትም የራሱ መንገድ ነበረው። ጀፎሮ ማለት ያ ነው።

ጀፎሮን ላላየ አንባቢ ልንገር። የጉራጌ መንደር እንደ ሌላው የገጠር መንደር ቤቶች የተበተኑበት አይደለም። በመሐል ሰፊ፣ ሣር የለበሰ ጎዳና አለ። ቤቶቹ በግራና በቀኝ ተሰልፈው፣ ፊታቸውን ወደ ጎዳናው አዙረው ይቆማሉ። ከየቤቱ ጀርባ የእንሰት ማሳ፣ ከማሳው ጀርባ ደግሞ የእርሻና የግጦሽ መሬት ይከተላል። የጎዳናው ስፋት ለእንግዳ ሰው ይገርመዋል፤ የከተማ ዋና አስፋልት ከነእግረኛ መንገዱ ቢገባበት ቦታ ይተርፋል። መኪና የሚባል ነገር ሳይታወቅ እንዲህ ያለ ሰፊ መንገድ ምን ያደርጋል ቢሉ፣ ሁሉን ያደርጋል። ሠርግ ይደገስበታል፣ ለቅሶ ይቀመጡበታል፣ ደመራ ይለኮስበታል፣ ፈረስ ይጋለብበታል፣ የገና ጨዋታ ይካሄድበታል። ሽማግሌዎች ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ያስታርቁበታል። እሳት ቢነሳ እንኳ ከአንዱ ረድፍ ወደ ሌላው ዘሎ አይሄድም።

ዋናው ነገር ደግሞ የማንም አለመሆኑ ነው። የሁሉም ነው። ማንም ሰው አጥሩን ገፍቶ ወደ ጀፎሮ ቢገባ ሽማግሌ ይጠራዋል፣ ይቀጣዋል፣ ያስመልሰዋል። በሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ቂጫ፣ በክስታኔ የጎርደና ሴራ የሚባሉት ባህላዊ ሕጎች ጉልበታቸው የሚታየው እንዲህ ባለው ቦታ ላይ ነው። ፖሊስ ሳይኖር፣ የከተማ ፕላን ሳይኖር፣ መሐንዲስ ሳይኖር ያ ሁሉ ስፋት ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሳይቆረስ ደርሷል። ዛሬ በስንት ካሜራና ደንብ አስከባሪ የአንድን ሰፈር የእግረኛ መንገድ ማስከበር ላቃተን ለእኛ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ወቅታዊው ጉዳይ ልምጣ። በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞች ተዛምቷል፤ ቀጥሎም የገጠር ኮሪደር የሚባል መጥቷል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልልም በዚሁ መንገድ ላይ ነው። የእግረኛ መንገድ መስፋቱን፣ መብራት መቆሙን፣ ከተማ መጽዳቱን የሚጠላ የለም፤ እኔም አልጠላም። በእግር የሚሄድ ሰው በሚበዛበት አገር ለእግረኛ ማሰብ ዘግይቶ የመጣ ቁም ነገር ነው። የእኔ ሥጋት ሌላ ነው። ሁሉም ከተማ አንድ ዓይነት ንጣፍ፣ አንድ ዓይነት የመብራት ምሰሶ፣ አንድ ዓይነት ዘንባባ እየተከለ ሲሄድ ወልቂጤን ከሌላው የሚለያት ምን ሊቀር ነው? ንድፉ ከላይ ተዘጋጅቶ ይመጣና እዚያው ቦታ ላይ ለዘመናት የኖረውን ንድፍ የሚጠይቀው ሰው ይጠፋል። "በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል" ይላሉ አበው።

ጀፎሮ ደግሞ በዚህ መሐል ከሦስት በኩል እየተገፋ ነው። አንደኛው ከተማ ነው። ወልቂጤና ቡታጅራ በሰፉ ቁጥር በዙሪያቸው ያሉ መንደሮች ወደ ከተማ ይጠቃለላሉ፤ ያኔ ጀፎሮው ከፕላን አንፃር "ባዶ ቦታ" ይመስላል። ባዶ ቦታ ያገኘ ደግሞ መሸንሸን ይቀናዋል። ሁለተኛው መንገድ ራሱ ነው። ወደ መንደሩ መኪና እንዲገባ ይፈለግና ጠጠሩ በሣሩ መሐል ለመሐል ይነጠፋል። ዝናቡ በጠጠሩ ዳር ቦይ ይሠራል፣ ቦዩ በየዓመቱ ይሰፋል፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ያ ለምለም ጎዳና ገደል ይሆናል። ሦስተኛው እኛው ነን። የባለቤቱ ልጆች። ከተማ ሠርተን ያገኘነውን ይዘን እንገባና አገር ቤት የብሎኬት ቤት እንሠራለን፤ አጥሩን "ትንሽ" ወደፊት እናስጠጋለን። ሽማግሌ የገንዘብ ሰው መናገር ያፍራል። አንዱ ሲያስጠጋ ጎረቤቱ ይከተላል።

ይህን ስጽፍ "ሰው የሚጠጣው ውኃ አጥቶ አንተ ስለ መንሸራሸሪያ ታወራለህ?" የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ወልቂጤ ላይ ነዋሪዎች በውኃ እጦት ተማርረው ባዶ ጀሪካን ይዘው አደባባይ ወጥተው እንደነበር፣ በዚያም የሰው ሕይወት እንደጠፋ አንረሳም። ውኃ ይቀድማል። ማንም ቧንቧው ደርቆ ሳለ የመብራት ምሰሶ እንዲቆምለት አይጠይቅም።

ነገር ግን የጀፎሮ ነገር ከውኃ ጋር የሚሻማ አይደለም። የሃድሰኑን ድልድይ ለእግረኛ ለማድረግ ከ38 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቷል። ጀፎሮን ለማቆየት የሚያስፈልገው በዋናነት አለመንካት ነው። ሣሩ አለ፣ ዛፉ አለ፣ ስፋቱ አለ፣ ሕጉም አለ። ሌላው ዓለም ያጣውን መልሶ ለማግኘት ሚሊዮኖችን ያወጣል፤ እኛ ያላጣነውን ለማጣት በጀት እንመድባለን። እንዲህ ያለ ሒሳብ የሚያስኬድ ነጋዴ በመርካቶ ውስጥ አንድ ሳምንት አይቆይም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ቅሬታ ብቻ ጽፎ መሄድ ቀላል ነው፤ እኔ የሚመስለኝን በግልጽ ላስቀምጥ።

መጀመሪያ ልኬት። በየወረዳው ያሉ ጀፎሮዎች ስንት እንደሆኑ፣ ርዝመታቸውና ስፋታቸው ስንት እንደሆነ፣ የድሮው ድንበር የት እንደነበረ ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ መለካትና በካርታ ላይ መስፈር አለበት። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ጉብሬ ላይ አለ። ተማሪዎቹ ጂፒኤስ ይዘው፣ ሽማግሌዎቹ ትዝታቸውን ይዘው አብረው ቢወጡ ይሄ የአንድ ክረምት ሥራ ነው።

ሁለተኛ ወረቀት። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የማይንቀሳቀስ ቅርስ እንዲመዘገብና እንዲጠበቅ ይደነግጋል። የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324/2016ም የወል ይዞታ የሚባለውን ያውቃል። ጀፎሮ በመንደሩ ስም የወል ይዞታ ማረጋገጫ ቢኖረው፣ ከተማ ሲደርስበት "ባዶ ቦታ" የሚለው ቃል አይሠራም። ሽማግሌውም የገንዘብ ሰውን ሲጠራ በእጁ ሕግም ወረቀትም ይኖረዋል።

ሦስተኛ መንገድ ሥራ። መኪና መግባት የለበትም እያልኩ አይደለም፤ አምቡላንስም ይገባል፣ የቡናና የጫት ጭነትም ይወጣል። ነገር ግን የመኪናው መስመር በአንድ ዳር በኩል ጠባብ ሆኖ፣ የውኃ ማፋሰሻው ታስቦበት ቢሠራ መሐሉ ሣር ሆኖ ይቀራል። ይህን ለመሥራት ሌላ በጀት አያስፈልግም፤ ከመነሻው ንድፉን የሚያወጣው ሰው መንደሩን በእግሩ ቢዞርበት ይበቃል።

አራተኛ ጎብኚ። የቡታጅራን መንገድ ተከትሎ የሚሄድ ሰው በአንድ ቀን ስንት ነገር እንደሚያልፍ አስቡት። መልካ ቁንጥሬ አለ፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከባልጪት ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። አዳዲ ማርያም አለች፤ ከአለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን። የጢያ ትክል ድንጋዮች አሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ናቸው። ከዚያ ቡታጅራ፣ ከዚያ ዘቢዳር። በወልቂጤ በኩል ደግሞ ከከተማዋ ወጣ ሲሉ የጊቤ ሸለቆ ይከፈታል፤ በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ሲባረር አባልቲ ላይ ውጊያ የተካሄደበት አካባቢ ነው። እንግዳው ይህን ሁሉ በመኪና መስኮት እያየ ያልፈዋል። ወርዶ የሚራመድበት፣ ቡና የሚጠጣበት፣ ቆጮ በአይብ የሚቀምስበት፣ ለመንደሩ ልጅ የአስጎብኚነት ክፍያ የሚከፍልበት ቦታ ቢኖር ግን ይቆማል። ያ ቦታ ጀፎሮ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። "ሃይ ላይን" ሲያምር በዙሪያው ያለው የቤት ዋጋና ኪራይ ናረ፤ ብዙ የድሮ ነዋሪ አልቻለውም። ስለዚህ ገቢው በቅድሚያ ለመንደሩ መሆኑ፣ ውሳኔውም የመንደሩ መሆኑ ከጅምሩ ይጻፍ። ለእንግዳ ሲባል ጥጃ ከጀፎሮ እንዳይባረር!

አዋሽ ላይ ያለውን አሮጌ የባቡር መስመርም ቢሆን በዚሁ ዓይን እንየው። አንድ ወንዝ እኮ ነው። ቡታጅራ ስንሄድ መልካ ቁንጥሬ ላይ በአስፋልት ድልድይ የምንሻገረው አዋሽ፣ ቆላ ወርዶ በዚያ ገደል ውስጥ የሚያልፈው አዋሽ ነው። በላይኛው ዳርቻ የጥንት ሰው የድንጋይ መሣሪያ፣ በታችኛው የአፄ ምኒልክ ዘመን ሐዲድ። ድልድዩን መሐንዲስ ይመርምረው፤ የሚያስኬድ ከሆነ ይታደስና ሰው ይራመድበት፤ የማያስኬድ ከሆነም ከዳር ሆኖ የሚታይበት ቦታ ይሠራለት። ዝገት እየበላው ግን ዝም ብለን አንየው።

ለአክስቴ ልጅ መልስ ጻፍኩላት። "አለ" አልኳት። "የባቡሩ ድልድይ አዋሽ ላይ አስታዋሽ ይጠብቃል። መንሸራሸሪያው ግን ያደግሽበት ደጃፍ ነው።" የልብ ምልክት ላከችልኝና ቀጥላ "እሱማ አለ፤ ግን እየጠበበ ነው አሉ" አለችኝ። አሜሪካ ሆና ሰምታለች ማለት ነው።

ይህን ጽሑፍ ከመላኬ በፊት ለአጎቴ ደውዬ ዋና ዋናውን አነበብኩላቸው። ልኬቱ፣ ወረቀቱ፣ አዋጁ ሁሉ ደስ አላቸው። ከጨረስኩ በኋላ ግን ጉሮሯቸውን ጠራርገው እንዲህ አሉኝ።

"ጥሩ ጽፈሃል። የአባትህን አጥርስ ጻፍከው?"

ዝም አልኩ። ነፍሱን ይማረውና አባቴ የቆርቆሮ ቤታችንን ሲሠራ አጥራችንን አራት እርምጃ ያህል ወደ ጀፎሮው አስገብቶ ነበር። ልጅ ሳለሁ እዚያ አራት እርምጃ ላይ ባሕር ዛፍ ስንተክል ችግኙን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ጎረቤቶቻችን ያኔ አዩ፣ አፈሩ፣ ዝም አሉ፤ ከዚያ በየተራ ተከተሉን። በዚህ ዓመትም ለመስቀል ስገባ በዚያው በር ገብቼ በዚያው በር ወጥቻለሁ፤ አንድም ቀን አልቆረቆረኝም።

"አልጻፍኩትም ጋሼ" አልኳቸው።

"እንግዲያው ጻፈው። ከዚያ ለገና ስትመጣ ዶማ ይዘህ ና። ሽማግሌ ሌላውን ሰው የሚጠራው መጀመሪያ የእኛ አጥር ሲመለስ ነው።"

ይኸው ጽፌዋለሁ። ለገና እሄዳለሁ።